ኮዱ ክፍት ነው፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኘው ሰፈራችን አንድ የቆየ እድር አለ። አብዛኞቹ መሥራቾቹ በአካባቢው ፋብሪካዎች ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት የአንድ አባላችን ባለቤት አረፉ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩና ድስቱ ከግምጃ ቤት ወጣ። ገንዘቡ ግን አልወጣም። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲመለከት አባሉ የስድስት ወር መዋጮ እንዳለባቸው ተመዝግቦ አገኘ። ደንባችን ደግሞ ይህን ያህል ወር ያልከፈለ አባል ውዝፉን ሳያጠናቅቅ ክፍያ እንዳይሰጠው ያዛል። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት «ከፍያለሁ» ከማለት በቀር ምን ሊሉ ይችላሉ? በማግሥቱ ከቀብር መልስ ልጃቸው በላስቲክ የተጠቀለሉ ደረሰኞች ይዛ መጣች። ስድስቱም ወር ተከፍሏል፤ የገንዘብ ያዡም ፊርማ አለበት። ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን ተሰጣቸው። ይቅርታም ተጠየቁ።

የእድሩ ዳኛ ነገሩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች መረጡ። አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሕግ ተምሯል ተብዬ ነው። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው በዚያ ማጣራት ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ሳነብና ሳወጣ ሳወርድ የደረስኩበትን ነው። ነገሩ የአንድ ሰፈር እድር ጉዳይ ብቻ ቢመስልም የከተማችን የኮንዶሚኒየም ዕጣም ሆነ የአገራችን የዲጂታል መታወቂያ ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም።

ፕሮግራሙን የሠራልን የሰፈራችን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በነፃ ሠራው። ከዚያም ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ዝርዝር ትዕዛዝ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው በኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ይህ «ኦፕን ሶርስ» የሚባለው አሠራር ነው። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነበር። ሁለት ጎረቤት እድሮችም ወስደው ሠሩበት፤ አንደኛው ጉድለት አግኝቶ፣ አርሞ መልሶ ላከልን። ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ በቀረበ ጊዜ ታዲያ አንዲት እናት ተነሥተው «ክፍት ነው ማለት የኔ ዕዳ በኢንተርኔት ይለጠፋል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ እመለስበታለሁ።

ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው ሰጠ። ጸሐፊው ለገንዘብ ያዡ ነገረ፤ ገንዘብ ያዡም ኮምፒውተር ለምትችል የእህቱ ልጅ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ እኛ ማጣራት ስንጀምር አምስት ሰዎች በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይገቡ ነበር። ስሙም «አድሚን» ነው። የሽማግሌውን የስድስት ወር ክፍያ ማን እንዳጠፋው ኮምፒውተሩን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ «አድሚን» የሚል ነው። በዚያ ላይ ልጁ ካለበት ሆኖ ኮዱን ባሻሻለ ቁጥር ለውጡን ማንም ሳያየው በቀጥታ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ይጫን ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሰው እጅ ይሁን የኮዱ ለውጥ ያመጣው ይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም። አምስቱንም መጠርጠር እንጂ አንዱንም መጠየቅ አልቻልንም።

የእድራችን ዳኛ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር አይነኩም። ሪፖርታችንን አዳምጠው ሲጨርሱ የተናገሩት ግን ስለ ኦፕን ሶርስ ካነበብኩት ብዙ ጽሑፍ ይልቅ ነገሩን ገለጠልኝ። «ልጄ» አሉኝ (ሃምሳን ያለፈ ሰው «ልጄ» ብለው የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው)፣ «እኛ ዘንድ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ዕቃ የፈለገ ሞዴል 20 ሞልቶ ይጠይቃል። ኃላፊው ይፈቅዳል። ግምጃ ቤቱ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። የጠየቀው አይፈቅድም፤ የፈቀደው ወጪ አያደርግም፤ ወጪ ያደረገው ደግሞ ቆጠራውን አያካሂድም። እናንተ ዘንድ ጠያቂውም፣ ፈቃጁም፣ አውጪውም፣ ቆጣሪውም አንድ አድሚን ነው።»

ብዙ ሰው ኦፕን ሶርስ ሲባል ማንም ገብቶ የፈለገውን የሚቀይርበት ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ለሁሉም ክፍት የሆነው ማየትና መገልበጥ ነው። የራስህን ቅጂ እንደፈለግህ ልታደርገው ትችላለህ። የጋራው፣ ማለትም ሁሉም የሚጠቀምበት ዋናው ቅጂ ግን እንደ ማንኛውም የጋራ ንብረት ጠባቂ አለው። ለውጥ ያዘጋጀ ሰው ሞዴል 20 እንደሚሞላው ሠራተኛ ጥያቄውን ያቀርባል። ሌላው መርምሮ አስተያየት ይሰጣል። ሌላው ከዋናው ጋር ያዋህዳል። ሌላው ደግሞ የተዋሃደውን አሽጎና ፈርሞ ለተጠቃሚ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እነዚህን መብቶች ለሌላው የመስጠትና የመንሳት መብት አለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከበደ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀረው እሱ ነው።

ሊኑክስን እንውሰድ። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያዋጡበት ሲሆን፣ የትኛው ክፍል በማን ኃላፊነት ሥር እንደሆነ የሚዘረዝር አንድ ፋይል ራሱ ከኮዱ ጋር ተቀምጧል። ለውጥ የላከ ሰው ሥራው የክፍሉን ኃላፊ አልፎ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ለውጥ «ይህን ለመስጠት መብት አለኝ» የሚል ማረጋገጫ የሰጠ ሰው ስም ሰፍሮበት እንዲያልፍ ተደረገ። ምክንያቱ ሕጋዊ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ «የኔ ኮድ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» በሚል አይቢኤምን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። ማን ምን እንዳስገባ መዝገብ መያዝ የሚጠቅመው ክርክር ከመጣ በኋላ እንዳልሆነ ያኔ ተማሩ።

የአፓቼ ፋውንዴሽን ደረጃዎቹን በስም ለይቷል። አዋጪው ይልካል፤ በሥራው የታመነ ሰው ሌሎቹ መርጠውት በቀጥታ የመጻፍ መብት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ፕሮጀክቱን የሚመራ ኮሚቴ አለ። በኮድ ለውጥ ላይ የሚጸና ድምፅ ያለው አንድ ሰው እንኳ ቴክኒካዊ ምክንያት አቅርቦ ከተቃወመ ለውጡ ይቆማል። ምክንያት የሌለው ተቃውሞ ግን አይቆጠርም። (የስብሰባ ባህላችንን ለሚያውቅ ይህ ሁለተኛው አንቀጽ ብቻውን ሊቀዳ የሚገባው ነው።)

በበኩሌ በሕግ ዓይን ሳየው የሚያስደስተኝ ዴቢያን የተባለው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕገ መንግሥት ብሎ የሰየመውን ሰነድ አጸደቀ። ሰነዱ የሚጀምረው በዓላማ ዝርዝር ሳይሆን ምን ዓይነት ውሳኔ ማን እንደሚወስን በመናገር ነው። መሪው በየዓመቱ ይመረጣል። አባላት በድምፅ የመሪውን ውሳኔ መሻር ይችላሉ። መሪው፣ ጸሐፊውና የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ የግድ ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ማንም ሰው ለፕሮጀክቱ ሥራ እንዲሠራ እንደማይገደድም ይደነግጋል፤ በበጎ ፈቃደኞች ላይ የቆመ ድርጅት መሆኑን አልረሳም። የፓይተን ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጨረሻ ወሳኝነቱን በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ፣ የተከተሉት ሰዎች አምስት አባላት ያሉት ተመራጭ ምክር ቤት አቋቋሙ። ከአንድ ቀጣሪ ድርጅት ከሁለት ሰው በላይ በምክር ቤቱ እንዳይቀመጥም ገደብ አበጁለት። መሥራቹ በሕይወትና በጤና እያለ ሥልጣን በሥርዓት ሲተላለፍ ማየት፣ ለኛ አገር ሰው ቢያስቀና አይገርምም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል፣ ኮዱ ለሁሉም ከታየ ሌባ የት ይደበቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ተገኝቷል። ኤክስዜድ የተባለ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በዓለም ባሉ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ተቀምጧል። ለዓመታት የጠበቀው በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ጠቃሚ ለውጦችን መላክ ጀመረ። በተከታዩ ዓመት ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ሰዎች ጠባቂውን «ሥራው ተጓተተ፤ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ያዙ። የደከመው ሰው አመነ፤ መብቱንም ቀስ በቀስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 «ጂያ ታን» ባወጣው ቅጂ ውስጥ ወደ ሰርቨሮች በስውር የሚያስገባ በር ተቀብሮ ነበር። በሩን የሚከፍተው ወሳኝ ክፍል ሁሉም ሰው በሚያየው ዋና ኮድ ውስጥ አልነበረም፤ ታሽጎ በወጣው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ኮምፒውተሩ የርቀት ግንኙነት ሲከፍት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ነበር የመረመረው።

ነገሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው የተጠቃው ኮዱ ሳይሆን የሥራ ድርሻው መሆኑን ይረዳል። ኮዱ ክፍት ነበር። የጻፈው፣ ያዋሃደው፣ ያሸገውና ያወጣው ግን አንድ እጅ ነበር። የእድራችን ዳኛ ይህን ስነግራቸው «ሞዴል 22ን ለጠያቂው ሰጡት በለኛ» አሉኝ።

ወደ ሕጋችን ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና ሲደነግግ ሁለት ዓይነት ውክልና ለይቷል። በቁጥር 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ መሥራት ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ንብረትን መጠበቅ፣ ማደስ፣ ዕዳ መሰብሰብና የመሳሰለው ነው። በቁጥር 2205 ደግሞ መሸጥ፣ ማስያዝና ይህን የመሳሰለ ሥራ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወደ ውልና ማስረጃ ጎራ ያለ ሰው ሁሉ ያንን «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ» የሚለውን የማያልቅ ዝርዝር ያውቀዋል። ጸሐፊዎቹ ቃል ስለሚወዱ አይደለም እንዲህ የሚጽፉት፤ ያልተጻፈው ከባድ ሥልጣን እንዳልተሰጠ ስለሚቆጠር ነው።

የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት መብቶችም ያለ ብዙ ችግር በዚሁ ሊመደቡ ይችላሉ። ጉድለት ማረም፣ የተላከን ሐሳብ መርምሮ መልስ መስጠት፣ ሰነድ ማስተካከል የአስተዳደር ሥራ ነው። ለሕዝብ የሚወጣውን ቅጂ ማውጣት፣ የፈቃድ ውሉን መለወጥ፣ ለአዲስ ሰው ቁልፍ መስጠት፣ የነባሩን መንጠቅ ደግሞ ልዩ ውክልና የሚጠይቅ ነው። እኛ ግን ለልጁም ሆነ ለአምስቱ «አድሚኖች» ሙሉ ውክልና የሰጠነው በቃል፣ ያውም በስልክ ነው።

ሳይጻፍ የቀረ ሥልጣን የሚያስከትለው ጣጣ በወንጀል ሕግ በኩል የባሰ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለውን ሐረግ ልብ ይሏል። ፈቃዱ የት ድረስ እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ፣ ማለፉን ዐቃቤ ሕግ በምን ያስረዳል? ተከሳሹስ አለማለፉን በምን ይከላከላል? የመብት ወሰን ሳይጻፍ ሲቀር የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ በቅንነት ሲሠራ የኖረውም ሠራተኛ ጥፋት በተገኘ ቀን ራሱን የሚያጸዳበት ሰነድ አይኖረውም። ከአምስቱ ሰዎቻችን አራቱ፣ ምናልባትም አምስቱም፣ ንጹሐን ናቸው። ንጽሕናቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ግን አልነበራቸውም። አንዷ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ቀና ብላ አታየኝም።

በከተማ ደረጃ ይህን ጥያቄ ያፈጠጠው የሐምሌ 2014 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች፣ ማለትም ለ18,648 የ20/80 እና ለ6,843 የ40/60 ቤቶች፣ በኮምፒውተር ዕጣ አወጣ። በሰፈራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግበው ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ከየቤታቸው በመስኮት የሚያዩት የገላንና የቱሉ ዲምቱ ፎቅ ለሌላ ሰው ደርሶ እነሱ ሲቆጥቡ የኖሩ ናቸው። በዚያን ዕለት ማታ ስማቸው ወጥቶ እልል ያሉ ነበሩ። በቀናት ውስጥ አስተዳደሩ ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። በአስተዳደሩ መግለጫ መሠረት ብቁ ሆነው ከባንክ የተላኩት ቆጣቢዎች ወደ 80 ሺህ ሲሆኑ፣ ለዕጣ የገባው ስም ግን ከ170 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የቴክኖሎጂ ቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። ዕጣው እንደገና የወጣው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

የማን ጥፋት እንደነበር የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ በዚያ አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያንን ፕሮግራም እንደኛ ያለ ተራ ሰው አላየውም። የስም ዝርዝሩን ማን እንደሚጭን፣ የተጫነውን ከባንኩ ዝርዝር ጋር ማን እንደሚያመሳክር፣ ቁልፉን የመጫን መብት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ለሕዝብ የተነገረ ነገር አልነበረም። በአሮጌው ዘመን ዕጣ ሲወጣ በሕዝብ ፊት በርሜል ይሽከረከር ነበር፤ ማን እጁን እንደሚያስገባ እናያለን፤ ያም ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ነው። በኮምፒውተር ሲሆን እጁን የሚያስገባው ሰው ጠፋ። ኮዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይወገድ ነበር የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች ገጥመውኛል። ግማሽ እውነት አላቸው። ንጹሕ ኮድ የተበላሸ ዝርዝር ከተሰጠው የተበላሸውን ዝርዝር በንጽሕና ዕጣ ያወጣለታል። የሚያድነው ኮዱ መከፈቱ፣ ከዚያ ጋርም ዝርዝሩን የሚጭነውና የሚያመሳክረው እጅ መለየቱ ነው።

ያቺ እናት በጉባዔ ላይ የጠየቁት ጥያቄ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ኮድ ሌላ፣ መዝገብ ሌላ ነው። ኮዱ ለሁሉም ሊታይ ይችላል፤ መዝገቡ ግን የባለቤቱ ነው። «ክፍት» የሚለውን ቃል ሁለቱን ሳንለይ ስንጠቀምበት፣ አንዱ ወገን የግል ምሥጢሩ ይወጣል ብሎ ይሰጋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ ብሎ ይዘናጋል።

«ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያችን የተመሠረተው ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረ ሲሆን፣ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ቀደም ብለው ተቀብለውታል። የጤና ሚኒስቴራችንም የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኦፕን ሶርስ ነው። ምርጫውን እደግፋለሁ። ከአንድ ኩባንያ ጉያ ከመግባት ይሻላል። ነገር ግን በሁለቱም ዋናው ቅጂ ላይ የማዋሃድ መብት ያላቸው ሰዎች ያሉት ባንጋሎርና ኦስሎ ነው። እኛ የያዝነው የራሳችንን ቅጂ ነው። ታዲያ በቅጂያችን ላይ ለውጥ ማን ያቀርባል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን ይጭናል? ከላይ የሚመጣውን እርማት መርምሮ የሚቀበለው ማነው? የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በዋናነት የሚያተኩሩት በመረጃው አያያዝ ላይ ነው፤ ያም ተገቢ ነው። በኮዱ ላይ ያለው የሥልጣን ክፍፍል ግን ከአዋጅ የሚጠበቅ ዝርዝር አይደለም። በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሕዝብ ሊነገር የሚችል ነገር ነው። የሰዎቹ ስም እንኳ ቢቀር የሥራ መደቡ ይበቃል። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ጣቴንና ዓይኔን የሰጠሁበት ሥርዓት ነውና ይህን ማወቅ የሚበዛብኝ አይመስለኝም።

ቁልፍ በሰው አገር መሆኑ የሚያስከትለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙው የዓለም ኦፕን ሶርስ ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሀብ የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን ገደበ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ በማዕቀብ ምክንያት አሥር ያህል ሩሲያ ነክ ጠባቂዎች ከሊኑክስ የኃላፊዎች ዝርዝር ተሰረዙ። ኮዱን ማየትና መገልበጥ አልተከለከሉም፤ ድርሻቸው ግን ተነሣ። የሥራ ድርሻ የሚኖረው በአንድ አገር ሕግ ጥላ ሥር መሆኑን ይህ ያሳያል። የራሳችንን ቅጂ በራሳችን ሰው መጠበቅ ያለብንም ለዚህ ነው።

እድራችን ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሕግ የለውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና ዕቁብን ከወሰኑ ውጪ ስላደረጋቸው ያለን የራሳችን መተዳደሪያ ደንብ ነው። እሱን ማሻሻል ጀመርን። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ብቻ እንዲገባ፣ «አድሚን» የሚባለው ስም እንዲጠፋ ተስማማን። መዋጮ የሚመዘግበው ገንዘብ ያዡ ነው፤ መሰረዝ ግን አይችልም፤ ስህተት ከተገኘ በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል እንጂ አይጠፋም። አባል የራሱን መዝገብ ብቻ ያያል። በኮዱ ላይ ከሦስቱ እድሮች ማንም ለውጥ ማቅረብ ይችላል፤ የሚያጸድቀው ግን የሌላው እድር ሰው ይሆናል። የሚጭነው ሦስተኛ ነው። ስድስት ወር ያልሠራበት መብት ይታገዳል፤ ይህ ቅጣት አይደለም፤ ሲመለስ ይመለስለታል። ይህን የመጨረሻውን ለማሳመን ሁለት እሑድ ፈጀብን፤ ቁልፍ ከእጅ ሲወሰድ ሁሉም ሰው እንደ ውርደት ያየዋል።

ያከራከረን የልጁ ጉዳይ ነው። ግማሹ ጉባዔ «በነፃ ሠርቶ የሰጠን እሱ ነው፤ ዋናው ቁልፍ ዕድሜ ልኩን ከእሱ ጋር ይቆይ» አለ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ልጁ የእድሩ ተቀጣሪ ስላልነበረ የሥራው መብት የሱ ነው። ሆኖም የድርሰቱ ባለቤት መሆንና የእድሩን መዝገብ ቁልፍ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳሁ። ቤቱን የሠራ አናጢ የቤቱን ቁልፍ ይዞ አይሄድም አልኩ። አንድ ሽማግሌ «አናጢው እኮ ገንዘብ ተከፍሎታል» ብለው መለሱልኝ። መልስ አጣሁ።

በመጨረሻ ራሱን ደወልንለት። «ጋሼ፣ እባካችሁ ውሰዱልኝ» አለኝ። «ሌሊት ከአዲስ አበባ ስልክ ሲጠራ ማን ሞተ ብዬ መደንገጥ ሲገባኝ ምን ተበላሸ ብዬ ነው የምነሣው።» ስሙ በኮዱ ላይ እንደ መሥራች እንዲቆይ ብቻ ጠየቀ። ያለ ድምፅ ቆጠራ ተፈቀደ።

የቀረው ርክክቡ ነው። ከሦስቱ እድሮች የትኛው ሁለት ቁልፍ ያዥ ይኑረው የሚለው ገና ስላልተቋጨ ለሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ ተቀጥሯል። የእድራችን ዳኛ ግን ቅጹን ከወዲሁ አዘጋጅተዋል፤ በሦስት ቅጂ ነው፣ አንዱ ለአስረካቢ፣ አንዱ ለተረካቢ፣ አንዱ ለፋይል። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር በጥቁር ቀለም «የይለፍ ቃል» ብለው ሞልተዋል፤ ብዛት 1። «የዕቃው ሁኔታ» የሚለው ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠየቁኝ። ያገለገለ ይባል ተባብለን ተለያየን።